የአባት ባርኔጣ በልጅ ራስ ላይ

ከአገር ቤት በሻንጣ ከሚመጣው በርበሬና ሽሮ መካከል አንዳንዴ የሟች አባት ባርኔጣ ይገኛል። ልጅ አውጥቶ ሲደፋው ወይ ግንባሩ ላይ ይቀራል፤ ወይ እስከ ጆሮው ይወርዳል። ጠበበኝ ብሎ በጉልበት መለጠጥ ግን ትልቁ ስሕተት ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚቀደደው በውስጡ የዞረው የቆዳ ጥብጣብ ነው፤ በዕድሜ ብዛት ደርቆ እንደ ቅጠል ይሰባበራልና።

በመጀመሪያ ራስን መለካት ይበጃል። የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብና ከጆሮ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል። 58 ሳንቲ ሜትር የወጣለት ሰው የአሜሪካ ቁጥሩ 7 1/4 ነው፤ በእንግሊዝ ባርኔጣ ግን 7 1/8 ይሆናል። በ1857 እ.ኤ.አ. በአሌሳንድርያ፣ ኢጣልያ፣ የተመሠረተው ቦርሳሊኖ በሳንቲ ሜትር ይቆጥራል። ቢሆንም በአሮጌ ባርኔጣ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን አይገባም፤ ላብና ሙቀት አሳንሶት ይሆናል።

የሰፋ ባርኔጣ አያስቸግርም። ከቆዳው ጥብጣብ ኋላ የታጠፈ ጋዜጣ ይወተፋል፤ ይኸው ጋዜጣም፣ ተነቦ ካለቀ፣ ያገለግላል።

የጠበበው ትዕግሥት ይጠይቃል። ቆዳው ገና ልስላሴ ካለው ጥብጣቡ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ ከፈላ ማንቆርቆሪያ በሚወጣ እንፋሎት የጥንቸል ጠጉሩ ጨርቅ ብቻ ጥቂት ይሞቃል። ቆዳውን እንፋሎት ካገኘው ይኮማተራል። ከዚያ ጥብጣቡ ተመልሶ፣ ባርኔጣው ራስ ላይ እንደተደፋ እስኪደርቅ መቆየት ነው። በዚህ መንገድ ቢሰፋ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ የጠበበውን ራሱ አነስ ላለ ወንድም ወይም እኅት ማሳለፍ ይሻላል።