ስለ ፉሪም በዓል፤ ጥንት ስለ ታዘዘው ሥርዓትና ኋላ ስለ ተጨመረው ልማድ

በመጽሐፈ አስቴር በ9ኛው ምዕራፍ አይሁድ በየዓመቱ በአዳር ወር ደስ ብሏቸው የሚያከብሩት በዓል ተጽፏል፤ ስሙም ፉሪም ይባላል። ፉር ማለት ዕጣ ማለት ነው፤ ሐማ አይሁድን የሚያጠፋበትን ቀን ለመለየት ዕጣ አስጥሎ ነበርና። የደስታ በዓል በጠላት ዕጣ ስለ ምን ተሰየመ ቢሉ፥ ለሞት የተጣለው ዕጣ ለሕይወት ሆኖ ስለ ተገኘ ነው፤ ሐማ ለመርዶክዮስ ባቆመው ግንድ እርሱ ራሱ ተሰቅሏልና። አንድም፥ ዕጣውን የሚጥለው ሰው ቢሆን ፍርዱ የእግዚአብሔር እንደ ሆነ ለማጠየቅ ነው።

ይህ በዓል በኦሪት ከታዘዙት በዓላት አይቈጠርም። ፋሲካና በዓለ ሰዊት በዓለ መጸለትም በሙሴ ሕግ ታዘዙ፤ ፉሪም ግን ሙሴ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላ መርዶክዮስና አስቴር በጻፉት ደብዳቤ ጸና። እንግዲህ እርሱም በጊዜው አዲስ ነበረ። አዲስ ሳለ ስለ ምን ጸና ቢሉ፥ ደብዳቤው ግብዣን ብቻ ስላላዘዘ ነው፤ ከግብዣው ጋራ ወዳጅ ለወዳጁ የማዕድ ፈንታ እንዲልክ፥ ለድኾችም ስጦታ እንዲሰጥ አዟልና።

ሊቃውንቶቻቸውም የበዓሉን ግዴታ በ4 ክፍል ወሰኑት። 1ኛ፥ መጽሐፈ አስቴርን በብራና ከተጻፈ ጥቅል ሌሊትና ቀን ማንበብ ነው። በብዙ ማኅበር ጥቅሉን ዘርግተው እንደ ደብዳቤ አጥፈው ያነቡታል፤ በዓሉ በደብዳቤ እንደ ታዘዘ ለማስታወስ ነው። የሐማን የ10 ልጆች ስም ግን አንባቢው በ1 ትንፋሽ ይጨርሰዋል። 2ኛ፥ በቀን ግብዣ ማድረግ ነው። 3ኛ፥ ቢያንስ ለ1 ወዳጅ 2 ዓይነት ምግብ መላክ ነው። 4ኛ፥ ቢያንስ ለ2 ድኾች ለእያንዳንዳቸው መስጠት ነው። ከምጽዋት የሚኖረው ድኻ እንኳ ከዚህ ከ4ኛው ነጻ አይደለም።

ቀኑም አንድ አይደለም። በአውራጃ የነበሩት በ13 ተዋግተው በ14 ዐረፉ፤ በሱሳ ከተማ የነበሩት ግን በ14 ደግሞ ተዋግተው በ15 ዐረፉ። ስለዚህ ብዙዎቹ በ14 ያከብራሉ፤ ከኢያሱ ዘመን ጀምሮ ቅጥር የነበራቸው ከተሞች በ15 ያከብራሉ። ዛሬም ቴል አቪቭ በ14፥ ኢየሩሳሌም በ15 ታከብራለች። በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ 13ኛ ወር ስለሚጨምሩ፥ በዚያን ዓመት አዳር 2 ይሆናል፤ በዓሉም ኒሳን ከሚባለው ከፋሲካ ወር እንዳይርቅ በኋለኛው አዳር ይውላል።

ኋላ የተጨመረው ልማድ ብዙ ነው። አንባቢው የሐማን ስም በጠራ ጊዜ ሕፃናት በእንጨት መንቋቋ ድምፅ ያሰማሉ፥ ሌሎችም በእግራቸው መሬቱን ይመታሉ፤ ሐማ ከአማሌቅ ንጉሥ ከአጋግ ወገን ነው ስለሚሉ፥ የአማሌቅ መታሰቢያ እንዲደመሰስ የታዘዘውን ለማሰብ ነው። በአውሮፓ የነበሩት ደግሞ ሦስት ማዕዘን ያለው ጣፋጭ እንጎቻ ይጋግራሉ፤ በዕብራይስጥ የሐማ ጆሮ ይሉታል። ፊታቸውን ሸፍነው ልብሳቸውንም ለውጠው ይታያሉ። ይህ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር የእግዚአብሔር ስም በግልጥ አይገኝም፤ እጁ ተሰውራ ሠርታለችና ስውርነቷን ለማመልከት ነው ብለው ይተረጕሙታል። በ70 ሊቃናት ትርጓሜ ግን የመርዶክዮስና የአስቴር ጸሎት ስላለ ስሙ በግልጥ ይነገራል።

ስለ መጠጥም ከባቢሎን ሊቃውንት አንዱ፥ ሰው የሐማን መረገምና የመርዶክዮስን መባረክ መለየት እስኪያቅተው ይጠጣ አለ። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ከዚህ ቃል ቀጥሎ ተግሣጽ አለ። ሁለት ሊቃውንት አብረው በዓል ሲያደርጉ አንዱ ሰክሮ ባልንጀራውን ዜራን ዐረደው፤ በማግሥቱ ጸልዮ አዳነው። በሌላው ዓመት ና እንደ ቀድሞው አብረን እናክብር ቢለው፥ ዜራ ተአምር ሁልጊዜ አይደረግም ብሎ እንቢ አለ ይላል። ይህን ያኖሩት ደስታ ያለ ልክ ሲሆን ነፍስ እንደሚያጠፋ ለማስጠንቀቅ ነው የሚሉ አሉ።

ከመከራ የዳነ ማኅበርም ለራሱ ፉሪም ሠርቷል። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1524 ዓመት በግብፅ የሠለጠነው አሕመድ ፓሻ በቱርክ ሡልጣን ላይ ሸፍቶ የካይሮን አይሁድ ሊያጠፋ ዛተ፤ እርሱ ግን ተሸንፎ ተገደለ። የካይሮ አይሁድም አዳር 28ን በዓል አደረጉት፥ የሚነበብ ጥቅልም ጻፉለት። በ1909 በተቈረቈረችው በቴል አቪቭም በ1912 የፉሪም ሰልፍ በአደባባይ ተጀመረ፤ ስሙንም ስለ መጠጥ ከተነገረው ቃል ወስደው አድሎያዳ አሉት፤ እስከማያውቅ ድረስ ማለት ነው። በኢትዮጵያ የነበሩ ቤተ እስራኤል ግን የአስቴርን ጾም ያውቁ ነበር እንጂ ዘፈንና ግብዣ ያለበት የፉሪም በዓል በልማዳቸው አልነበረም። ከ1984 እስከ 1985፥ ደግሞም በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ከወገኖቻቸው ጋራ ያከብሩት ጀመር። ለእነርሱ አዲሱ ልማድ የሌላው ጥንታዊ ልማድ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚጠበቀውና የሚተወው በምን ይለያል ቢሉ፥ በ1204 በግብፅ ያረፈው ታላቁ ሊቅና ባለ መድኃኒት ሙሴ የማይሞን ልጅ መለኪያውን ሰጥቷል። ሰው በፉሪም ግብዣውንና ለወዳጅ የሚልከውን ከሚያበዛ ለድኾች የሚሰጠውን ቢያበዛ ይሻላል፤ የድኻ አደጉን፥ የመበለቲቱን፥ የመጻተኛውን ልብ ከማስደሰት የሚበልጥ ደስታ የለም ብሎ አስተማረ። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ለወዳጅ የተላከ ማዕድ በማዕድ ይመለሳል፥ ለድኻ የተሰጠ ግን ብድር የለውም።

ስለዚህ መንቋቋው፥ እንጎቻው፥ ሰልፉም ቢጨመር ቢቀነስ በዓሉ አይፈርስም። ድኻው በደጅ ሳለ የተዘጋ ግብዣ ግን፥ ጥቅሉ በብራና ቢነበብም፥ የመርዶክዮስና የአስቴር ደብዳቤ ያዘዘው በዓል አይደለም። ማዕድ የሚዘረጋ ሁሉ አስቀድሞ ደጁን ይመልከት።