ለሠዓሊ የሚሆን ፎቶ ኩርሙክ ላይ እንዴት ነው የማነሳው?

ሰሞኑን የለቀቅሁትን የፊትና የእጅ ፎቶ ስብስብ ያያችሁ ሠዓሊዎች በውስጥ መስመር ብዙ ጥያቄ ልካችሁልኛል። አብዛኛው ስለ ካሜራው ነው። ካሜራው ግን ከነገሩ ሁሉ ትንሹ ስለሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ብርሃኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ቆዳችን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንግባባ። እነዚህ ፎቶዎች ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ አይነሱም። ሠዓሊ፣ ቀራፂ፣ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል የሚሠራ ወይም አኒሜሽን የሚያዘጋጅ ሰው ፊቱ አስቀምጦ እያየ እንዲሠራባቸው ነው የሚነሱት። ሙያው የቆየ ነው። ኤዠን አትዤ የተባለው ፎቶ አንሺ ከ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ ዛፉን፣ ደረጃውን፣ የበሩን እጀታ፣ የሱቁን መስኮት እያነሳ ለሠዓሊዎች ይሸጥ ነበር። በሩ ላይም «ሰነዶች ለሠዓሊያን» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ነበር። ዛሬ ሥራዎቹ በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያሉ፤ እሱ ያነሳቸው ግን ሌላው ቆርጦ፣ ቀይሮና ጨምሮ እንዲገለገልባቸው ነው።

ልዩነቱን ለማየት አይዳ ሙሉነህን አስቡ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ፣ ውኃን በተመለከተው ሥራዋ የስቱዲዮ አሠራሯን ዳሎል ድረስ ይዛ ሄዳ ሞዴሎቿን በደማቅ ጨርቅና በቀለም አስጊጣ አንስታለች። እያንዳንዱ ፍሬም ያለቀለት ሥራ ነው፤ ምን እንደምናይ እሷ ወስናለች። ከዚያ ላይ የሚሥል ሰው የእሷን ሐሳብ መገልበጡ አይቀርም። ለሠዓሊ የሚነሳ ፎቶ ግን ውሳኔውን ለሠዓሊው መተው አለበት። ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር አይጥፋ፣ ጆሮው አይደብዝዝ፣ ቀለሙ አይዋብ። በሠርግና በጉርድ ፎቶ ለሠለጠነ እጅ ይህ ቀላል አይደለም። የፎቶ ቤት ደንበኛ «ፊቴን አጥራልኝ፣ አቅላኝ» ይላል፤ ሠዓሊው የሚፈልገው ደግሞ ያንኑ ሽብሽብና ጠባሳ ነው።

ለምን ኩርሙክ፣ በሱዳን ድንበር ያለችው የቤኒሻንጉል ከተማ? በየዓመቱ ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ የሚወጡትን ፖስተሮች ልብ ብላችሁ እዩ። የክልላችን የበርታና የጉሙዝ ሰው ሲሣል ብዙ ጊዜ የደገኛ ፊት ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው የማየው። የአፍንጫው አጥንት፣ የከንፈሩ ጠርዝ፣ ግንባሩ ላይ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ የሌላ ሰው ነው። ሠዓሊዎቹን አልወቅስም። ኢንተርኔት ላይ ሪፈረንስ ቢፈልጉ የሚያገኙት የአውሮፓና የእስያ ሞዴል ነው፤ የእኛ ሰው ከተገኘም ቱሪስት በቀትር ፀሐይ ያነሳው፣ ዓይኑን የጨፈነና በራሱ ጥላ የተሸፈነ ፊት ነው። ከእንዲህ ያለ ፎቶ ቅርጽ ማንበብ አይቻልም። እኔ ይህ ክፍተት እንዲሞላ እፈልጋለሁ፤ የሚሞላውም ሰዎቹ ካሉበት ቦታ ነው።

ወደ ክፍሉ እንግባ። ስቱዲዮ የምለው አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል ነው። ግድግዳው እንደ አብዛኛው ቤታችን በቱርኩዋዝ ቀለም የተቀባ ነበር፤ መጀመሪያ የሸፈንኩትም እሱን ነው። ባለ ቀለም ግድግዳ ብርሃኑን ተቀብሎ መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ዓይናችን ይለምደውና አያስተውለውም፤ ካሜራው ግን ጉንጩን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ሠዓሊው ደግሞ የቆዳው ቀለም መስሎት ይሥለዋል። ስለዚህ በአንድ ወገን ጥቁር ጨርቅ፣ ከጀርባ ደግሞ ግራጫ ጨርቅ ሰቅያለሁ። መስቀያው ቀርከሃ ነው። ቤኒሻንጉል ውስጥ ሆኖ ውድ የብረት መቆሚያ ከአዲስ አበባ ማስመጣት አያስፈልግም፤ ሁለት ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ፣ በገመድ እሰር፣ አለቀ። ጥቁሩ ጨርቅ ከንቱ እንዳይመስላችሁ። ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ እንዲመጣ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ነጭ ግድግዳ ከሆነ ጥላውን ይሞላውና ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ነጭ ጀርባም አልጠቀምም። የፎቶ ቤት ልማድ ሆኖ ሁሉም ነጭ ይወዳል፤ ነጭ ጀላቢያ የለበሰ ጥቁር ሰው ነጭ ጨርቅ ፊት ቆሞ ካሜራው በራሱ ሲመዝን ግን ፊቱ ከሰል ይሆናል።

የአውሮፓ መጻሕፍት «የሠዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን» ይላሉ። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በሰሜን መስኮት የሚገባው በአብዛኛው የሰማይ ብርሃን ነው፤ ቀኑን ሙሉም ብዙ አይለወጥም። ኩርሙክ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ በገባ በሁለተኛው ሳምንትና ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። በመካከሉ ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። የጠዋቷና የማታዋማ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም አጋማሽ ወደ ሰሜን ታደላለች። ስለዚህ እኛ ጋ አንድ መስኮት ለዓመቱ አይበቃም። እኔ በበጋ የሰሜኑን በር፣ በክረምት የደቡቡን መስኮት እከፍታለሁ። በክረምት ደመናው ራሱ ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው ፀሐይዋ ብዙም አታስቸግርም። አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ሆናችሁ የምትሠሩ ሕጉ ያው ነው፤ ቀኖቹ ብቻ በመጠኑ ይለያያሉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቆዳው። ብርሃን ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሁለት ነገር ይሆናል። ጥቂቱ፣ ከመቶው ከ3 እስከ 5 እጅ የሚሆነው፣ ከገጹ ላይ ወዲያው ይመለሳል፤ ይህ ነጸብራቅ ነው። የቀረው ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ እዚያ ተበታትኖ፣ የቆዳውን ቀለም ይዞ ይወጣል። ነጸብራቁ በቀዩም፣ በጠይሙም፣ በጥቁሩም ሰው ላይ ያው ነው። የሚለያየው ከውስጥ የሚወጣው ነው፤ ሜላኒን የበዛበት ቆዳ አብዛኛውን እዚያው ያስቀረዋል። ከዚህ የሚከተለው ለሠዓሊም ለፎቶ አንሺም ትልቅ ነገር ነው። ቀላ ያለ ፊት ላይ ቅርጹን በጥላው እናነባለን፤ ጥቁር ፊት ላይ ግን በብዛት የሚነግረን ነጸብራቁ ነው።

ነጸብራቁ የብርሃኑን ምንጭ ቅርጽ ይዞ ይመጣል። ምንጩ ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ ካሜራው ላይ ያለ ፍላሽ፣ ግንባርና አፍንጫ ላይ ሁለት ሦስት የተቃጠለ ነጭ ነጥብ ይወጣል፤ ሌላው ጨለማ ነው። ምንጩ ሰፊ ከሆነ ነጸብራቁ ሰፍቶ የጉንጩን አጥንት ተከትሎ ይታጠፋል፤ የመንጋጋውን መስመር ይይዛል፤ የዓይኑን ሽፋን ይለያል። ለዚህ ነው በሩን ሙሉ በነጠላ አቡጀዲ የሸፈንኩትና ተነሺውን ከበሩ አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የማስቀምጠው። በሩ ከሰውዬው ቁመት ይበልጣል፤ በዚያ ቅርበት ላይ ብርሃኑ ፊቱን ያቅፈዋል። ምሽት ላይ መብራት ሲኖር ሶፍትቦክስ (መብራትን በነጭ ጨርቅ የሚያለሰልስ ሳጥን) እጠቀማለሁ፤ እሱንም አስጠግቼ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ምንጩ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ይከርራል።

ነጸብራቁ ቀለምም ይይዛል። የሠዓሊ ጓደኞቼ ይህን ሲያዩ በጣም ይደነቃሉ። አቡጀዲውን አንስታችሁ በሩን ለክፍት ሰማይ ብትተዉት ጥቁር ፊት ላይ ያለው ብርሃን ሰማያዊ ይሆናል። ከበር ውጭ ያለው ቀይ አፈር ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ከአገጭ ሥር ብርቱካናማ ሙቀት ይወጣል። የጥቁር ሰው ቆዳ ቡናማ ብቻ ነው ብሎ የሚሥል ሰው ይህን አላየም። ስለዚህ እያንዳንዱን ተነሺ በሁለት ብርሃን አነሳለሁ፤ አንዱ በአቡጀዲ የተጣራ ገለልተኛ፣ ሌላው የሰማዩና የአፈሩ። ፓውደር አልቀባም፤ ጥቁር ቆዳን አመድ ያስመስለዋል። ላቡ ከበዛ በሶፍት ቀስ አድርጌ አደርቃለሁ። በበጋ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ሙቀት ሰውን ስለሚያደክም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሬ በጊዜ እጨርሳለሁ።

የካሜራ አውቶማቲክ መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊጎትት ነው የተሠራው። በፊልም ዘመን ነገሩ የባሰ ነበር፤ ኮዳክ ለአጣቢዎች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ «ሸርሊ ካርድ» ለረጅም ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ዛሬ መፍትሔው በእጃችን ነው። ግራጫ ካርድ ተነሺው ፊት አስይዛችሁ ለኩ፣ ቁጥሩን በማንዋል ቆልፉ፣ ከዚያ በኋላ አትንኩት። ጥቁሩ ጥቁር፣ ጠይሙ ጠይም ሆኖ በቦታው ይመጣል። ዋይት ባላንሱንም በዚያው ካርድ ያዙ፤ ፋይሉም ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን።

ርቀት ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በስልክ ተጠግቶ የተነሳ ፊት አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮው ይሸሻል። ከዚያ የተሣለ ሥዕል ደግሞ ሳያውቁት የተሣለ ካሪካቸር ነው። ለፊት ቢያንስ 2 ሜትር ተኩል፣ ለሙሉ አካል 5 ሜትር ያህል ራቁና በዙም አቅርቡ። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አድርጉ፤ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ ጥርት ይላል። ካሜራውን በትራይፖድ አስሩት።

ከዚያ ብርሃኑን ሳላነቃንቅ ሰውዬውን በስምንት አቅጣጫ አዞራለሁ፤ ካሜራውንም በዓይን ደረጃ፣ ከፍ አድርጌና ዝቅ አድርጌ አነሳለሁ። በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ አንድ እንቁላል ከፊቱ አጠገብ አስቀምጬ አነሳለሁ። ሠዓሊው እንቁላሉን አይቶ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ጥላው የት እንደሚጀምር ወዲያው ይገባዋል።

በብዛት የሚጠየቀው እጅ ነው። እዚህ ወርቅ ማጠብ የቆየ ሥራ ስለሆነ የእንጨት ገበቴ ጨብጦ የሚያዞር እጅ ሌላ ቦታ የማይገኝ ሪፈረንስ ነው፤ አውራ ጣት ጠርዙን እንዴት እንደሚይዝ፣ የክንድ ጅማት የት እንደሚወጣ ያሳያል። የበርታ አዛውንቶች ጉንጭ ላይ የሚታየውን ሦስት ቁም ሰንበርም አነሳለሁ። እሱ ፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን ይጠፋል፤ ብርሃኑ ከጎን ገጹን እየታከከ ሲያልፍ ግን ጥልቀቱ ይታያል። ብዙ ሠዓሊ በጥቁር መስመር ይሥለዋል፤ የራሱ ብርሃንና ጥላ ያለው ቅርጽ መሆኑን ከፎቶው እንዲያይ ነው የምፈልገው።

ስለ ፈቃድ ቀልድ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ፎቶ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የእኛ ሥራ ላይ ደግሞ ተራ ፈቃድ አይበቃም። አንድ ሰው ለጉርድ ፎቶ ሲቀመጥ የሚወጣው ራሱ ነው። ለሠዓሊ ሲቀመጥ ግን ፊቱ የንጉሥም፣ የሌባም፣ የወታደርም ፊት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይህንን በሚገባው ቋንቋ፣ በበርታኛ ወይም በአረብኛ፣ ዝርዝሩን እነግረዋለሁ፤ የማይፈልገውን ይነግረኛል፤ እጽፈዋለሁ። አብዛኛው እዚህ ያለ በርታ ሙስሊም ነውና የመጠጥ ማስታወቂያ ላይ መውጣትን የሚቀበል የለም። ቶብ (የሴቶች ረጅም መጠቅለያ ልብስ) የለበሰች እናት ራሷን መግለጥ ካልፈለገች ጥያቄው እዚያ ላይ ያበቃል። ለቀኑ ይከፈላቸዋል፤ ስማቸው ፋይሉ ላይ አይጻፍም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት ሸሽተው ከሱዳን በዚህ በኩል የገቡ ብዙ ሰዎች አሉ። «የስደተኛ ፊት የለህም ወይ?» ያላችሁኝ አላችሁ። የለኝም፤ አላነሳምም። የዕለት ምግብ የሚጠብቅ ሰው እሺ ቢለኝ እሺታው ነፃ ነው ብዬ ልቀበለው አልችልም።

የአጠቃቀም ውሉን ደግሞ አንብቡት እባካችሁ። ፎቶ አንሺዋ ሊን ጎልድስሚዝ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ዘፋኙን ፕሪንስን ስቱዲዮዋ ውስጥ አነሳችው። በ1984 ቫኒቲ ፌር መጽሔት ያንን ፎቶ ለሠዓሊ ሪፈረንስነት፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ በ400 ዶላር ወሰደው። ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ነበር፤ ከአንዱ ፎቶ 16 ሥራዎች አወጣ። በ2016 ፕሪንስ ሲሞት የቫኒቲ ፌር አሳታሚ ኮንዴ ናስት ከእነዚህ አንዱን ለማተም ለዋርሆል ፋውንዴሽን 10,000 ዶላር ከፈለ፤ ለእሷ ምንም። ክርክሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በግንቦት 2023 (እ.ኤ.አ.) በ7 ለ2 ድምፅ ለጎልድስሚዝ ተፈረደ። እኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል፤ ሥራን ለውጦ ሌላ ሥራ ማውጣትም የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ አስቀድሜ በግልጽ እፈቅድላችኋለሁ፤ ከፎቶዎቼ ሣሉ፣ ቀይሩ፣ ሥዕላችሁን ሽጡ፣ መጽሐፍ ላይ አትሙ። ፎቶውን ራሱን መሸጥና የተነሺውን ገደብ መጣስ ግን አልፈቀድኩም። ገደቦቹ በየስብስቡ ውስጥ ባለው የጽሑፍ ፋይል ላይ አሉ።

ለሌላ ሠዓሊ ስታስተላልፉ በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ይጨመቅና ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር ይሞታል። እንደ ፋይል ላኩት። የሚቀጥለው ስብስብ የቶብ እጥፋት ነው፤ ቁጭ ብሎ፣ ቆሞ፣ ሸክም ተሸክሞ። ሥዕላችሁ ሲያልቅ ምስሉን ላኩልኝ፤ አትሜ ለተቀመጠው ሰው አደርሳለሁ። ይህም ከውሉ ውስጥ ነው።