ሥራቸውን ለመለወጥ ወደ ትምህርት ስለሚመለሱ ጎልማሶች
(በገዳሪፍና በሱዳን ምሥራቃዊ ወሰን አካባቢ)

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። በ1940ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ለጦር ሠራዊት የሚሆን እህል ለማግኘት ተብሎ በጥቁሩ መሬት ላይ በትራክተር ማረስ ተጀመረ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ክረምቱ ባለፈ ቍጥር ብዙ አጫጆች ከሱዳን ልዩ ልዩ አውራጃዎችና በመተማ በኩል ከኢትዮጵያ ይጐርፋሉ።

ይሁን እንጂ በሰሊጡ መካከል ጐንበስ ብሎ የሚታየው ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ አጫጅ የነበረ አይደለም። ከ1967 ጀምሮ ከኤርትራ፥ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላም ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል፥ በጦርነትና በረኃብ ምክንያት ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰዷል። በኅዳር 2020 በትግራይ በተነሣው ጦርነት ደግሞ ከ60,000 የሚበልጥ ሰው ተሻግሮ፥ ከፊሉ በኡም ራኩባ ሰፈረ። ከነዚህ ሰዎች መካከል መምህር የነበረ፥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ፥ ሐኪም ቤት ያገለገለ አለ። ማጭድ የጨበጠው ሌላ ስላጣ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ትምህርት እንደ ጌጥ የሚቈጠር ነገር አይደለም፤ ከቀን ሙያተኝነት ወጥቶ ቤተ ሰቡን በደመወዝ የሚያስተዳድርበት መንገድ ነው።

ጎልማሳ ሰው ከመጽሐፍ ጋር ቢታይ እንደ እንግዳ ነገር ሊቈጠር አይገባም። በአዲስ አበባ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት የሚሰጠው ብርሃንህ ዛሬ ነው ትምህርት ቤት የተቋቋመው በ1948 ነበር። በ1955 ደግሞ ዕድሜው ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆነ ማንበብ የማይችል ሰው ሁሉ በትርፍ ጊዜው ፊደል እንዲማር በዐዋጅ ተነገረ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ከሰሌዳ ፊት አስቀምጧል። በሱዳንም በኩል ባቢከር በድሪ የሚባሉት ታላቅ ሰው በመጀመሪያ የመሐዲ ወታደር፥ ቀጥሎም ነጋዴ ነበሩ፤ በሩፋዓ ከተማ መምህር የሆኑት ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በ1907 በዚያችው ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ።

በስደተኞች ረገድ ሊታወስ የሚገባው የሱዳን የርቀት ትምህርት ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የነበረው ዓለም አቀፍ የርቀት ትምህርት ኮሌጅ በ1984 ያቋቋመው ሲሆን፥ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ ብዙዎቹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ስደተኞች ነበሩ። አሠራሩም ቀላል ነበር። ተማሪው የታተመ የትምህርት ደብተር ይቀበላል፤ በገዛ ሰዓቱ ያነባል፤ መልመጃውን ሠርቶ ለእርማት ያቀርባል፤ በተወሰነ ቀንም ከአስተማሪ ጋር ይገናኛል። ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ በቀር ያለ ሥልጠና ለሚያስተምሩ መምህራን የሚሆን ትምህርት ተዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ሁኔታ ቀን ሠርቶ የሚያድር ሰው እንጀራውን ሳይተው ለመማር ቻለ።

በዚህ አካባቢ ጎልማሳውን የሚያሰናክሉት ነገሮች በተለይ አራት ናቸው።

1ኛ፤ የምስክር ወረቀት ማጣት ነው። ነፍሱን ለማዳን የሮጠ ሰው ወረቀቱን ከቤቱ ትቶ ይወጣል። በ1951 የተፈረመው፥ ሱዳንም በ1974 የገባችበት የስደተኞች ውል በ22ኛው አንቀጽ እንደሚደነግገው፥ ለስደተኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ አገሬው ተወላጅ ይሰጠዋል። ከዚያ በላይ ባለው ትምህርት፥ እንዲሁም በውጭ አገር የተገኘ የምስክር ወረቀት በሚታወቅበት ጉዳይ፥ በተቻለ መጠን መልካም አስተያየት ይደረግለታል፤ ከሌላው የውጭ አገር ሰውም አያንስም።

2ኛ፤ ቋንቋ ነው። እስከ 1990 ድረስ በሱዳን ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ብዙው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። በዚያ ዓመት በዐረብኛ እንዲሆን ስለ ታዘዘ፥ በኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ዕውቀቱ ሳይጐድል ከደጅ ቀርቷል። በገበያ የሚነገረው ዐረብኛ ለመሸጥና ለመግዛት ይበቃል እንጂ ለፈተና አይበቃም። ስለዚህ አስቀድሞ የጽሕፈቱን ዐረብኛ መማር ግድ ነው።

3ኛ፤ ከቦታ ወደ ቦታ ለመሄድ ፈቃድ ማስፈለጉ ነው። ሱዳን ውሉን ስትቀበል፥ ስለ ስደተኞች የመዘዋወር ነፃነት የሚናገረውን 26ኛውን አንቀጽ እንደማትቀበል ገልጻለች። ትምህርት ቤቱ በከተማ፥ ተማሪው በሰፈር ሲሆን፥ ትምህርቱ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ይመሠረታል።

4ኛ፤ የመከር ወራት ነው። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ከደረሰ በኋላ ከዘገየ ፍሬው ይፈነዳና መሬት ላይ ይረግፋል። ሙያተኛው የዓመቱን ገንዘብ የሚያገኘው በነዚያ ጥቂት ሳምንቶች ስለ ሆነ፥ በጥቅምትና በኅዳር የሚከፈት የማታ ትምህርት ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ይህን ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ የተሳሳተው የትምህርቱ ጊዜ እንጂ ተማሪው አይደለም።

ከነዚህ ሌላ እፍረት አለ። የልጆች አባት የሆነ ሰው ከልጁ እኩያ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥ ይከብደዋል። እፍረቱን የሚያቀልለው ምክር ብቻ ሳይሆን የተለየ ክፍልና የተለየ ሰዓት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚመለሰው ሰው ሌላ በር ተከፍቶለታል። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ፥ ቀድሞ ወደ ሱዳን የተሻገረው ብዙ ሰው በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተመልሷል። በኢትዮጵያ በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ስልት እንደሚለው፥ ዋናው ነገር ሰውዬው መሥራት መቻሉ ነው፤ ሙያውን በትምህርት ቤት ወይም በሥራ ላይ መማሩ ልዩነት የለውም። ስለዚህ በገዳሪፍ እርሻ ትራክተር የነዳና ሞተር የጠገነ ሰው፥ የሙያ ብቃት ምዘና ተቀብሎ ካለፈ በደረጃው የምስክር ወረቀት ያገኛል። ምዘናውን ያላለፈም የጐደለውን ክፍል ዐውቆ እርሱኑ ብቻ ለመማር ይችላል።

በወሰን አካባቢ ያሉ ሹማምንት በዚህ ጉዳይ ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ባለጉዳዩ ሲመዘገብ ከስሙና ከትውልድ ቦታው ጋር የተማረበትን ክፍልና የሠራበትን ሙያ መጻፍ፤ ለትምህርት ሲባል የሚጠየቀውን የመዘዋወሪያ ፈቃድ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መስጠት፤ የማታውን ትምህርት መከር ካለቀ በኋላ ማስጀመር፤ ለእናቶችም ከመጨለሙ በፊት የሚያልቅ ሰዓት መመደብ ነው። የከተማው ነጋዴና የእርሻ ባለቤትም ለሠራተኛው የአገልግሎት ማረጋገጫ ደብዳቤ ቢጽፍለት፥ ያ ወረቀት ነገ በመዛኞች ፊት ምስክር ሆኖ ይቆምለታል።

ትምህርቱን ለሚያስበው ሰው ደግሞ፥ ሥራውን ሁሉ በአንድ ቀን ጥሎ መነሣት አይመከርም። በመጀመሪያ በእጁ ያለውን ሙያ ያስመዝን፤ ቀጥሎ ቋንቋውን ያጥና፤ ከመከሩ ደመወዝ ለመጽሐፍና ለመመዝገቢያ የሚሆነውን ያስቀምጥ። አምስት ዓመት መማርና አለመማር እኩል ያልፋሉ፤ የአርባ ዓመቱ ሰው ቢማርም ባይማርም አርባ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ልዩነቱ በዚያን ጊዜ በእጁ የሚገኘው ነገር ነው።