ተጨማሪ መረጃ፦ የቫኪዩም ስዊች ምርመራ
የቫኪዩም ስዊች፣ በውስጡ ያለው ስስ ዲያፍራም ከኢንቴክ ማኒፎልዱ በሚመጣ የመሳብ ኃይል እየተንቀሳቀሰ የኤሌክትሪክ መስመርን የሚያገናኝ ወይም የሚለያይ ረቂቅ መሣሪያ ስለሆነ፣ መርማሪው የጎማ ቱቦውን ስንጥቅ አስቀድሞ ሳይመለከት ብያኔ ሊሰጥበት አይገባም። ከዚያም ሶኬቱን ነቅሎ፣ ቴስተሩን በኦም ላይ አድርጎ በእጅ ፓምፕ አየሩን ሲስብ፣ የተቋረጠው መስመር ካልተገናኘ ወይም የተገናኘው ካልተቋረጠ ስዊቹ ተበላሽቷል፤ የፓምፑ መርፌ ቀስ በቀስ ከወረደ ደግሞ ዲያፍራሙ አየር ያስገባል። በአገራችን እጅግ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ከፍታ ነው፤ በባሕር ወለል ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ የመሳብ ኃይል ሲያሳይ፣ በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ስለሚጎድል፣ በአዲስ አበባ ከ7 እስከ 8 ኢንች ያህል ዝቅ ያለ ንባብ ሥርዓተ ተፈጥሮ እንጂ የስዊቹ ነውር አይደለም።