መጀመሪያ መውጫውን

ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ አኳሪየም ማስቀመጥ ያማረው ሰው ስለ ዓሣው ዓይነት፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ድንጋዩ አቀማመጥ ብዙ ይጠይቀኛል። ስለ ባልዲው የሚጠይቀኝ ግን የለም። አዲስ አበባ ቤቴ ያለው ገንዳ 600 ሊትር ይይዛል። በየሳምንቱ ሩቡን ልቀይር ብል 150 ሊትር ማውጣት፣ ያንኑ ያህል ማስገባት ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሰባት ተኩል ወጪ፣ ሰባት ተኩል ገቢ። ወገብ ያለው ይሞክረው። እኔ ሥራውን ለቱቦ ሰጥቻለሁ።

ጥርት ያለ ውሃ ለምን ይቀየራል? ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ ኩሱና የተረፈ ምግቡም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ከሁሉም የዋሁ ነው፤ ነገር ግን የማጣሪያው ሥራ እዚያ ላይ ስለሚያበቃ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ብርሃን ካገኘም አልጌ ይቀለብበታል።

«የጎደለውን እየሞላሁለት አይደል?» የሚሉ አሉ። መሙላትና መቀየር ለየቅል ናቸው። የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ የሟሟው ነገር ሁሉ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ስምጥ ሸለቆ የወረደ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። የዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ትርፉን ስለሚያስወጣ ውሃው ጣፋጭ ነው። ያን ትርፍ የሚቀበለው አቢጃታ ግን መውጫ የለውም። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ቤቱ ውስጥ ትንሽ አቢጃታ ያረባል።

ያደግሁት ላስታ፣ በብልባላ በኩል፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ብዙ ሳይርቅ ነው። ዋሻው ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ንጉሡ ይምርሐነ ክርስቶስ በውሃው ላይ እንጨት ረብርበው ቤተ ክርስቲያኑን አነጹበት እያሉ አባቶች ይተርካሉ። ወለሉ ላይ ያለችውን ቀዳዳም ያሳያሉ። ልጅ ሆኜ ከእግሬ በታች ውሃ አለ ብዬ ቀስ እያልኩ ነበር የምራመደው። የላስታን ሰዎች የውሃ ጥበብ በደንብ የተረዳሁት ግን ላሊበላ ላይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመው ወደ ታች በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የላስታ ነሐሴ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ መውጫ ባይኖረው ጉድጓዱ ሞልቶ ኩሬ በሆነ ነበር። ጣሪያው ላይ አሸንዳ አለው፤ ግቢው ላይ የወረደው ውሃም በቦይ ይወጣል። ቱሪስቱ የጣሪያውን መስቀል ፎቶ ሲያነሳ እኔ የምፈልገው ቦዩን ነው። በቤተ ማርያም ግቢ ያለው መካኖች የሚነከሩበት ኩሬ ግን እንደ ቆመ ስለሚኖር አረንጓዴ ለብሷል።

እኔም ገንዳዬን ሳሰናዳ ከመውጫው ጀመርኩ። ውሃው እንዲቆም በምፈልግበት ቁመት ላይ የጎኑ መስታወት በአልማዝ መሰርሰሪያ ተበሳ፤ በላስቲክ የታሸገ መገጣጠሚያ ገባበት፤ ትናንሾቹ ዓሦች እንዳይሄዱ ወንፊት ተደረገለት። መስታወቱ ቴምፐርድ ከሆነ ግን እንዳትነኩት፤ መሰርሰሪያው ሲነካው ይፈረካከሳል። የመውጫው ቱቦ ከመግቢያው በጣም ሰፊ መሆን አለበት። ይህ ክፍል ፓምፕም መብራትም አይፈልግም። የገባው ያህል ራሱ ይወጣል።

የመግቢያውን ቱቦ ከቧንቧ ጋር በቀጥታ ማገናኘት አልወድም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ላይ ግፊቱ ድንገት ይነሳል፣ ጠዋት ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ቧንቧው ብረት ማማ ላይ የተቀመጠውን ሮቶ ይሞላል፤ ከሮቶው የወጣው ውሃ በከሰል ማጣሪያ ያልፍና በጠባብ ቱቦ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ከሰሉ የተቀመጠው ለክሎሪኑ ነው። ክሎሪን ለእኛ ውሃውን ያክምልናል፣ የዓሣን ስንጥብ ግን ያቃጥላል፤ የማጣሪያውንም ባክቴሪያ ይጨርሳል። ከሰሉ ዕድሜ ስላለው በየጊዜው ይለወጣል።

የምፈልገው በቀን 60 ሊትር፣ ማለትም ከገንዳው አንድ አሥረኛ ነው። ሲሰላ በደቂቃ 42 ሚሊሊትር ይሆናል፤ አንድ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። ፍሰቱን የምቆጣጠረው ከመድኃኒት ቤት በገዛሁት የጉሉኮስ ጠብታ መቆጣጠሪያ ነው፤ የምለካው በሲሪንጅና በሰዓት። ሮቶው ሲጎድል ግፊቱ ስለሚቀንስ ፍሰቱም ይቀንሳል፤ እሁድ እሁድ አስተካክለዋለሁ። እንዲህ በቀስታ የሚገባ ውሃ ቢቀዘቅዝም ዓሣውን አያስደነግጠውም።

ኪሳራም አለው። 300 ሊትር በአንድ ጊዜ ብቀይር ከናይትሬቱ ግማሹ ይወጣል፤ ያንኑ 300 ሊትር በጠብታ ብቀይር ግን 39 በመቶው ያህል ብቻ ነው የሚወጣው፣ ምክንያቱም አዲሱ ውሃ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ አብሮ ይፈሳል። ቢሆንም ስሌቱ ያዋጣኛል። ዓሦቹ በቀን በሊትር 2 ሚሊግራም ናይትሬት የሚጨምሩ ቢሆንና በየቀኑ አንድ አሥረኛው ቢቀየር፣ ናይትሬቱ 20 አካባቢ ደርሶ ይቆማል። እየሞሉ ብቻ ቢቀመጡ በዓመቱ ከ700 ያልፋል፤ ዓሦቹ እስከዚያ ከቆዩ።

ጎረቤቴ፣ ጀሪካን ደርድረው ፈረቃ የሚጠብቁት እናት፣ ቱቦውን ሲያዩ «አንተ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ ለዓሣ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። በቀን ሦስት ጀሪካን ወደ ፍሳሽ መልቀቅ እኔም አይዋጥልኝም። የመውጫው ቱቦ ስለዚህ ጓሮ ወዳለው ጎመን ነው የሚሄደው፤ ዓሣን የሚጎዳው ናይትሬት ለጎመን ማዳበሪያ ነው። ዓሣ ታሞ ገንዳው ውስጥ ጨው የጨመርኩ ሰሞን ብቻ ቱቦውን ወደ ፍሳሹ አዞረዋለሁ። እሳቸውም ቅጠል ሊቀነጥሱ ሲመጡ «ዛሬ ጨው አለው?» ብለው ይጠይቁኛል።