ዘዴው ከሸቀጡ ሲለይ፦ በሙያ ዕውቀት ስለሚሠሩ ኮምፒዩተሮች

በንግድ ሥራ ረዥም ዘመን የኖረ ሰው ሁለት ዓይነት ዕውቀት አለው። አንደኛው የሸቀጡ ዕውቀት ነው፤ ይኸውም የዕቃውን ዓይነት፣ ዋጋውንና የሚመጣበትን አገር ማወቅ ነው። ሁለተኛው የአሠራር ዘዴ ነው፤ ይኸውም ትእዛዝ ሲቀርብለት ከየት እንደሚጀምር፣ ምኑን ከምን እንደሚያመዛዝን፣ ስሕተት ሲያገኝ እንዴት እንደሚያርም ማወቅ ነው። ሸቀጡ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ዘዴው ግን ነጋዴው ከጨርቃ ጨርቅ ወደ ብረታ ብረት ቢዛወር እንኳ አብሮት ይሄዳል። የባለሙያን ዕውቀት ይዘው ምክር የሚሰጡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን የሠሩ ሊቃውንት የዚህን ልዩነት ዋጋ የተረዱት ከብዙ ድካም በኋላ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ቫክስ» የተሰኙትን ኮምፒዩተሮች ይሸጥ የነበረው ደንበኛው በመረጣቸው ክፍሎች እያቀናበረ ነበር። አንድ ገመድ ወይም አንድ ሣጥን ከትእዛዙ ቢጎድል መሣሪያው ከደንበኛው ዘንድ ደርሶ ሊገጠም አይችልም። ስለዚህ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጆን ማክደርሞት በ1978 የጀመሩትና በኋላ «ኤክስኮን» የተባለው ፕሮግራም ከ1980 ጀምሮ ትእዛዞችን እየመረመረ የጎደለውን ይሞላ ጀመር። ጥቅሙ ወዲያው ታወቀ፤ ችግሩ ግን ቆይቶ ታየ። በ1987 የፕሮግራሙ ሕጎች ከ6000 በላይ ነበሩ፤ አዳዲስ ዕቃዎች ስለሚወጡም ከሕጎቹ ገሚሱ ያህል በየዓመቱ ይለወጥ ነበር። ስለ ክፍሎቹ የሚናገረው ዕውቀትና ሥራው በምን ተራ እንደሚካሄድ የሚወስነው ዘዴ በሕጎቹ ውስጥ ተደባልቀው ስለ ነበር፣ አንዱን ለማረም ሌላውን መነካካት ግድ ሆነ። ከዚህም የተነሣ ኩባንያው ሁለቱን ለይቶ ፕሮግራሙን እንደ ገና ወደ ማደራጀት ተመለሰ።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1970ዎቹ «ማይሲን» የተባለ ፕሮግራም ተሠርቶ ነበር፤ ተግባሩም በደም ውስጥ የሚገባ የባክቴሪያ በሽታን ለይቶ ለሐኪሙ ምክር መስጠት ነው። ሊቃውንቱ የሕክምናውን ዕውቀት አውጥተው የማመዛዘኛውን ክፍል ብቻ አስቀሩ። በዚሁ ባዶ ዕቃ ውስጥ ሌላ ዕውቀት ሲጨመርበት፣ አንድ ጊዜ የሳንባ ምርመራ ውጤት የሚተረጉም፣ ሌላ ጊዜም ለመዋቅር መሐንዲሶች ምክር የሚሰጥ ፕሮግራም ሆነ።

ዊልያም ክላንሲ በ1985 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች የሚጋሩትን ዘዴ በሦስት ደረጃዎች ገለጡት። ሸቀጥ በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። መጀመሪያ ደንበኛው ዕዳውን የከፈለባቸውን ቀኖች ተመልክቶ «ቀጠሮ አክባሪ ነው» ይላል፤ ቀጥሎ ከልምዱ ተነሥቶ «አስተማማኝ» ከሚላቸው ደንበኞች ወገን ይመድበዋል፤ በመጨረሻም በዚያ ወገን ውስጥ ለርሱ የሚገባውን የዱቤ መጠን ለይቶ ይወስናል። በሽታ ለሚመረምረውም ፕሮግራም ደረጃዎቹ እነዚሁ ናቸው።

ሁለተኛው ዘዴ «አቅርቦ ማረም» ሊባል ይችላል። የዌስቲንግሃውስ አሳንሰሮች በደንበኛው ሕንፃ ልክ ሲነደፉ፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ አንድ መጠን ያቀርብ ነበር፤ ከደንቡ ጋር የሚጋጭ ሆኖ ሲገኝም አስቀድሞ በተነገረው ማረሚያ ያስተካክለው ነበር። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዘዴ ለአሳንሰር ከተጠቀሙበት በኋላ፣ በሕያው ሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራውን ራይቦዞም የተባለውን ረቂቅ አካል ቅርጽ ለማጥናት እንዳዋሉት በ1995 አስታውቀዋል። የአሳንሰሩ ዕውቀት ለሴሉ አይረባም፤ ዘዴው ግን ለሁለቱም አገልግሏል።

ይሁን እንጂ ዘዴ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዛወረው በሚገባ ተገልጦ ሲጻፍ ብቻ ነው። ጽሑፉም ዘዴው ምን መረጃ እንደሚቀበል፣ ምን ውጤት እንደሚሰጥ፣ በምን ተራ እንደሚሠራ፣ ይልቁንም ምን ነገር አስቀድሞ ተሟልቶ እንዲገኝ እንደሚፈልግ መናገር አለበት። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ መሪነት የተስፋፋው «ካድስ» የተባለው ሥርዐት የሙያውን ዕውቀትና የሥራውን ተራ ለያይቶ ማስፈርን ያዘዘው ለዚህ ነው። «አቅርቦ ማረም» ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ግጭት የታወቀ ማረሚያ መኖሩን ይጠይቃል፤ ማረሚያው ካልታወቀ ግን ፕሮግራሙ ከመፍትሔው ሳይደርስ ይቀራል።

እንግዲህ ትእዛዝ የሚያጣራ ወይም ዱቤ የሚመዝን ፕሮግራም ለመግዛት የሚያስብ ነጋዴ ሻጩን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የዋጋና የዕቃ ዝርዝር ሲለወጥ የሚታረመው ዝርዝሩ ብቻ ነው ወይስ ፕሮግራሙ በሙሉ? ዘዴውስ አስቀድሞ የሚፈልገው ነገር በጽሑፍ ሰፍሯልን? ያም ነገር በድርጅቱ መዝገብ ውስጥ ይገኛልን? ይህ ሳይታወቅ የተገዛ ፕሮግራም ሸቀጡ በተለወጠ ቍጥር እንደ ገና ሊያስከፍል ይችላል።