ጉሎ፦ ዘይት፣ ሐርና መርዝ ከአንድ ግንድ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገጠር ጉሎ በአጥር ጥግና በጓሮ ይበቅላል። ብዙ ጊዜ ዘርቶ የሚያበቅለው የለም፤ እሾሃማው ፍሬ ደርቆ ሲፈነዳ ሦስቱን ዝንጉርጉር ዘሮች አርቆ ይበትናቸዋል። ቁልቋልና ብሳና ዘመዶቹ ናቸው።

ባለሙያ ሴቶች ጥቅሙን ያውቁታል። ዘሩ ሲቆላ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጭሱ ከማጀት አልፎ ደጅ ይወጣል። ተወቅጦ አዲስ ምጣድ ይሟሽበታል፤ እንጀራው እንዳይዝም ምጣዱ ይታሰስበታል። ቆዳ አልፊዎች ደግሞ ጠፍርና መጫኛ ያለሰልሱበታል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የዘሩ ግማሽ ያህል ዘይት ስለሆነ ነው። ዘይቱ ወፍራም ነው፤ ሙቀትም ቶሎ አያቀጥነውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተሮች ይለሰልሱበት ነበር። ዛሬ ሳሙና፣ ቀለምና ናይለን ይሠራበታል። የጥንት ግብፃውያን ኩራዛቸውን ያበሩበት ነበር። ተመራማሪዎች የተክሉን መነሻ ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ያደርጉታል፤ በምርት ግን የዓለም ቀዳሚዋ ህንድ ናት።

ዘሩ መርዛም ነው።

በውስጡ ያለው ሪሲን የተባለ ፕሮቲን የሰውነት ሕዋሳት ሥራቸውን እንዳይሠሩ ያግዳል። በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ቡልጋሪያዊው ደራሲ ጆርጂ ማርኮቭ የተገደለው በዚሁ መርዝ እንደሆነ ይታመናል። ጥሬውን ዘር ያኘከ ልጅ ሕይወቱ አደጋ ላይ ስለሚወድቅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ዘሩ ሲጨመቅ መርዙ ከዘይቱ ጋር አይወጣም፤ በተረፈው ፋጉሎ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጉሎ ፋጉሎ እንደ ኑግ ፋጉሎ በቀጥታ ለከብት አይሰጥም። መርዙን የሚያከሽፈው በቂ ሙቀት ነው።

ቅጠሉ ደግሞ ሌላ ሲሳይ አለው። ኤሪ የተባለው የሐር ትል ዋና ምግቡ የጉሎ ቅጠል ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ትል ላይ ምርምር ሲያካሂድ ቆይቷል። አዲስ አበባ ያለው ሳባሃር የሽመና ድርጅትም የኤሪ ሐር እየፈተለና እየሸመነ ለውጭ ገበያ ያቀርባል። ትሉ የሚረባው በጣሪያ ሥር በመደርደሪያ ላይ ስለሆነ ሰፊ መሬት አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ንጹሕ ክፍልና በየዕለቱ ትኩስ ቅጠል ነው። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ቅጠሉ በአጥሩ ጥግ አለለት። የጎደለው የትሉ ዘር፣ የአረባብ ሥልጠናና ድሩን የሚረከብ ገዢ ነው፤ ይህን ማሟላት የግብርና ባለሙያዎችና የሽመና ድርጅቶች የጋራ ሥራ ነው።